ዱቄት ዱቄት ነው ላሉን ክቡር ዳይሬክተር

ለምርምር ወርክሾፓችን የቀድሞ ዋና ዳይሬክተር፣
አሁን ደግሞ ከፍ ብለው ለተቀመጡት የዋናው መሥሪያ ቤት ምክትል የበላይ ኃላፊ፣
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለ ወንፊቱ፣ ስለ ጋሽ ወንፊትና ስለ ዱቄቱ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ጤናዎ የተሟላ፣ ወገብዎ የማይቆረጥምዎ፣ አዲሱ ወንበርዎም እንደ ድሮው የማይንቋቋ ሆኖ ያገኝዎ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። እርስዎ ከሄዱ ወዲህ እንዴት ደህና ለመሆን እንደቻልን ለራሳችንም ግራ ቢገባንም፣ ደህና ነን።

በሽኝትዎ ዕለት፣ ኬኩ ከመቆረሱ በፊት፣ «ቅሬታ ያለው ከኋላዬ አያንሾካሹክ፤ በግልጽ ይጻፍልኝ» ብለው መናገርዎን አዳራሹ ውስጥ የነበርን ሁሉ ሰምተናል፤ አጨብጭበናልም። ባልደረቦቼ ንግግሩን እንደ ንግግር ወስደው ወደ ኬኩ ሲያልፉ፣ እኔ ግን የአለቃን ቃል እንዳለ የመውሰድ አመል ስላለብኝ ይኸው ብዕር አነሳሁ። ቅሬታም አልለው፤ ምስጋና ነው። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ እንዳይደበላለቅብዎ በተራ በተራ አቀርበዋለሁ፤ ተራው ከተዛባብኝ ግን ከእርስዎ ሥር ብዙ ዓመት መሥራቴን አስበው ይቅር ይበሉኝ።

ደብዳቤው ግልጽ እንደመሆኑ ወርክሾፓችንን የማያውቁ ሰዎችም ያነቡታልና ስለ ሥራችን ጥቂት እንዳስረዳ ይፍቀዱልኝ። እርስዎም አጋጣሚውን ቢጠቀሙበት አይከፋኝም።

እኛ ዘንድ ያለው ማሽን የብረት ዕቃ የሚሠራው እየቆረጠ ወይም እየቀጠቀጠ ሳይሆን እያተመ ነው። እንደ ዱቄት የላመ ታይታኒየም የሚባል ብረት በስሱ ይነጠፍና ሌዘር የተፈለገውን ቅርጽ ተከትሎ ያቀልጠዋል፤ በላዩ ሌላ ስስ ንጣፍ፣ እንደገና ሌዘር፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ዕቃው ከዱቄቱ ውስጥ ይበቅላል። ያልቀለጠው ዱቄት አይጣልም፤ ተሰብስቦ ለሚቀጥለው ሥራ ይውላል። ችግሩ ለሌዘሩ ቀርቦ የነበረው ዱቄት በሙቀቱ መጓጎሉ ነው። የጓጎለው ካልወጣለት ንጣፉ ይዝረከረካል፣ ዕቃውም ይበላሻል። ስለዚህ ዱቄቱ መነፋት አለበት።

የሚነፋው በእጅ ነበር፤ ነፊው ደግሞ ጋሽ ወንፊት። ስማቸው ሌላ ነው፤ ግን በስማቸው ሲጠሩ ዞር አይሉም። ትሑት ሰው ናቸው ብዬ አልዋሽዎትም፤ ጉረኛ ናቸው። ከእሳቸው አንጓ የሚሻል አንጓ እንዳልተፈጠረ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ይናገራሉ፤ ወንፊታቸውን ሰው የነካባቸው እንደሆነ ሳምንት ያኮርፋሉ። ያችን ጠባብ ክፍል በውስጥ ቆልፈው፣ ጭምብልና ጓንት አድርገው ሲነፉ ይውሉ ነበር። ጭምብሉ ግን ጭምብል እንጂ ግንብ አይደለም። ሳላቸው ከኮሪደሩ ጫፍ ይሰማ ስለነበር ጋሽ ወንፊት ገቡ ወጡ ለማለት ዓይን አያስፈልገንም ነበር።

አንድ ቀን ባለቤታቸው ደወሉልኝ። ባላቸው ተኝተው ብርድ ልብሱን እንደሚነፉ ነገሩኝ። ልጃቸው አራስ ሆና እነሱ ዘንድ ነበረችና ሕፃኗን የሚያስተኙት አያት ሆነዋል፤ ታቅፈዋት ከተቀመጡ እጃቸው ሳያዙት ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ልጅቷንም ወዲያው እንቅልፍ ድብን አድርጎ ይወስዳታል። ቤተሰቡ ይህን እንደ ጸጋ ቆጥሮታል። ባለቤታቸው ግን በሌላ ዓይን አይተውታል። «ልጄ፣ እዚያ ምን እያሠራችሁት ነው?» አሉኝ።

ወንፊቱን በሞተር እናድርገው ብዬ የተነሳሁት ያኔ ነው። ቢሮዎ መጥቼ ሐሳቡን ሳስረዳዎት ዓይንዎን ጨፍነው ራስዎን ወደ ታች ነቅነቅ አደረጉልኝ፤ እንደ ፈቃድ ወሰድኩት። እንቅልፍ እንደነበረ የገባኝ ከወጣሁ በኋላ ነው። ቢሆንም ወርክሾፓችን ካገኛቸው ፈቃዶች ሁሉ ፈጣኑ እሱ ነበርና አመሰግናለሁ።

ጋሽ ወንፊት ግን ነቅተው ተቃወሙ። ማሽኑን ገና በወረቀት ላይ ሳለ «ጣውንቴ» ብለው ሰየሙት፤ እኔንም ትዳራቸው ላይ ሴት ያመጣሁባቸው ይመስል ሰላምታ ነሱኝ። ብረት ለብረት አያዝንም፣ የእጅ ምት ሞተር ውስጥ አይገባም እያሉ ለሰው ያወሩብኝ ነበር። እኔም አልመለስኩም። ዱቄቱን ከማተሚያው ሥር በቱቦ የሚስብ፣ በተዘጋ በርሜል ውስጥ በሚንቀጠቀጥ ወንፊት የሚያሳልፍ፣ የጠራውን ወደ ማተሚያው መልሶ የጓጎለውን ለብቻ የሚያጠራቅም ነገር ሠራን። የላመ ታይታኒየም በአንዲት ብልጭታ የሚቀጣጠል በመሆኑ በርሜሉን በአየር ፈንታ አርገን በሚባል፣ እሳት በማይቀርበው ጋዝ ሞላነው።

መጀመሪያ ያስነሳነው ዕለት ማሽኑ ከመንፋቱ በፊት ተራመደ። እየተንቀጠቀጠ ወለሉን አቋርጦ ወደ በሩ ሲያመራ፣ ጋሽ ወንፊት ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ «ብልህ ናት፤ መውጫውን ከእኔ ቀድማ አገኘችው» አሉ። ከብዙ ጊዜ በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃላቸው ስለነበር ሳቄን መያዝ አልቻልኩም፤ እሳቸውም ከንፈራቸውን ነክሰው ተነሱ። ከአሮጌ ጎማ መቀመጫ ቆርጠን ከሥሯ ያደረግነው አብረን ነው። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ሲገቡ ጎኗን ዳሰስ ሳያደርጉ አይቀመጡም ነበር። ጣውንቴ ማለቱን ግን አልተዉም፤ ዛሬ ጣውንቴን አሟታል፣ ዛሬ ጣውንቴ ተነስቶባታል እያሉ ድምጿን ያዳምጣሉ። ሳላቸውም ቀስ በቀስ ለቀቃቸው።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደብዳቤ አይወጣውም ነበር። እንዳያልቅ ያደረጉት እርስዎ ነዎትና ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛው ምስጋናዬ የሥራ መደቡን ስላልነኩብን ነው። ጋሽ ወንፊት ማሽኗን ወደ መከታተል ይዛወሩ ብዬ ብጠይቅ፣ መዋቅሩ ላይ ያለው መደብ «በእጅ ወንፊት የሚነፋ ሠራተኛ» የሚል እንደሆነና መዋቅር ሳይጠና የሚነካ እንዳልሆነ በትዕግሥት አስረዱኝ። በእጅ የሚነፋ ዱቄት እኮ ከእንግዲህ የለም ብልዎት፣ መደቡ ስለ ወንፊት እንጂ ስለ ዱቄት እንደማይናገር ከወረቀቱ ላይ በጣትዎ አሳዩኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እዚያ ቢሮ ውስጥ ወረቀት መኖሩን ብቻ ነው የምመሰክረው። ከዚያም ጋሽ ወንፊት ከማሽኗ ጎን ቆመው ባዶ ወንፊት እንዲያወዛውዙ አዘዙ።

ትእዛዙን ይዤ ወደ እሳቸው ሄድኩ። ይጮሃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ጋሽ ወንፊት አዳመጡኝና፣ «በእሷ ፍጥነት ነው በእኔ?» ብቻ አሉ።

ስለዚህ ባዶ ወንፊት መንፋት ጀመሩ። በውነቱ ለጤና ተስማሚ ሥራ ነው፤ ከባዶ ወንፊት የሚቦን ነገር የለምና። እጃቸው ግን ማረፍ አልቻለም፤ ብርድ ልብሱም እንደዚያው።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ምረቃው ነው። ሪባኑ ተዘርግቶ፣ እንግዶቹ ተሰልፈው፣ መቀሱ ተፈልጎ ተገኝቶ ሁሉም ካማረ በኋላ፣ ማሽኗ ዙሪያዋን የተዘጋች በመሆኗ የሚታይ ነገር እንደሌላት እርስዎ ተገነዘቡ። ክዳኗን እንድንከፍትላቸው በጆሮዬ ነገሩኝ። ከከፈትነው እንግዶቹም ሪባኑም እኛም አብረን ልንነድ እንደምንችል በጆሮዎ መለስኩ። ፊትዎ ላይ ነገሩን ሲመዝኑት አይቻለሁ፤ በመጨረሻ ላለመንደድ ስለወሰኑልን ውለታዎን አልረሳውም። በምትኩ እንግዶቹን ወደ ጋሽ ወንፊት አዙረው፣ ውስጥ የሚሆነው ነገር ይህን ይመስላል ብለው አሳዩአቸው። ጋሽ ወንፊትም ሰው ሲያያቸው ይብስባቸዋልና ባዶውን ወንፊት ሽቅብ እየወረወሩ እየቀለቡ ጨፈሩበት። ጭብጨባው ጣራ ነካ። አንዲት እንግዳ ጠጋ ብለው ሰውዬው ከማሽኑ ጋር የተገናኙት በምን በኩል እንደሆነ ጠየቁኝ። በሥራ መደብ ነው አልኳቸው፤ ተደንቀው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት። በመጽሔታችን ላይ «አዲሱ አውቶማቲክ ወንፊት» ተብሎ የወጣውም ፎቶ የጋሽ ወንፊት ነው። ማሽኗ በጥግ በኩል ክርኗ ብቻ ይታያል።

ሦስተኛውንና አራተኛውን ምስጋናዬን ለይቼ ለማቅረብ ሞክሬ አልቻልኩም፤ እርስዎም አንዱን ከሌላው ስላልለዩልን ነው።

ጣውንቲቱ፣ ጋሽ ወንፊት ሳምንት የሚፈጅባቸውን ዱቄት ረፋድ ላይ ጨርሳ ዝም ትል ነበር። እኛ በዚህ ደስ ብሎን ነበር። እርስዎ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ በዚያ ሲያልፉ ዝምታዋን ሰሙና ተቆጡ፤ ሥራ ፈት ማሽን በእርስዎ ዘመን እንደማይኖር፣ የተነፋው ዱቄት መጠንም ለበላይ አካል በየጊዜው ሪፖርት እንደሚደረግ አስታወቁን። የሚነፋ ዱቄት ከሌለን እኛ ምን እናድርግ? የተነፋውን ነፋነው። የተነፋውን ነፍተን ስንጨርስ እሱን ደግሞ ነፋነው። አንዱ ዱቄት በዚያች ቱቦ ውስጥ ሲዞር ሲዞር ሰንብቶ፣ በሪፖርቱ ላይ ግን ተራራ አከለ። ቢሮዎ ግድግዳ ላይ የሰቀሉት ሥዕላዊ መግለጫ ቀስቱ ሽቅብ ወጣ፣ ወጣና ቆመ፤ ማሽኗ ከዚህ በላይ መፍጠን አትችልም ነበርና። የቆመ ቀስት ደግሞ እንቅልፍ ይነሳዎታል።

ያን ጊዜ ነው የሠራተኛው ክበብ ትዝ ያለዎት። ክበቡ ዳቦ ይጋግራል፣ ለዳቦው ዱቄት ይነፋል፤ ለምን የእነሱም እዚህ አይነፋም፣ ለምንስ እኛ ላይ አይቆጠርም? በእርጋታ ለማስረዳት ሞከርኩ። የእኛው ብረት ነው፣ የእነሱ ስንዴ ነው፤ ሁለቱ ከተነካኩ ማንም ወንፊት አይለያቸውም አልኩ። እርስዎም እንደ አባት ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ ነገር አታወሳስቢ። ዱቄት ዱቄት ነው» አሉኝ። አንድ ቃል ለሁለት ነገር ማዋላችን እንዲህ ያስከፍለናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

የክበቡ ኃላፊ በደስታ ጆንያዎቹን አስጭነው መጡ። ዳቦው በውነቱ ለስልሶ ነበር። ትንሽ ግራጫ ሆነ፤ በፀሐይ ሲያዩት ደግሞ ብልጭ ብልጭ ይላል። ከምሳ በኋላ ወደ ቤታችን ስንወጣ በግቢው በር ላይ ያለው የብረት መፈተሻ ሠራተኛውን በሙሉ ጮኸበት። ጥበቃው የሒሳብ ሹማችንን ጫማቸውንና ኮፍያቸውን አስወልቀው፣ ኪሳቸውን ፈትሸው ምንም ቢያጡባቸው፣ «እንግዲህ የዋጡትን ነገ ይዘው ይምጡ» ብለው በክብር አሰናበቷቸው።

ይህን እየሳቅኩ ነው የምጽፈው። የሚቀጥለውን ግን ለመሳቅ ሞክሬ አልሆነልኝም።

በዚያው ሰሞን ለአንድ ሾፌር መንጋጋ እንድንሠራ ከሆስፒታል ተጠይቀን ነበር። ሾፌሩ መኪናው ሥር ተኝቶ ሲሠራ ክሪኩ ተንሸራቶ የታችኛው መንጋጋው ደቅቋል። ምግቡ በስትሮ የሚሳብ ፈሳሽ ነው፤ ንግግሩም የሚገባው ለእህቱ ብቻ ነበርና የትም አብራው ትሄዳለች። እኔ ዱቄቱ ማተሚያው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ማሽኗን ፈትተን ብሎን ለብሎን እናጥባት ብዬ ለመንኩ። እርስዎ ማሽኗ ከቆመች ቀስቱ ይወርዳል አሉ። በብሩሽ ጠረግ ጠረግ አድርጓት ተባልን፤ ጠረግ ጠረግ አደረግናት። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

ሌዘሩ ሥራውን እንደጀመረ ወርክሾፑ ዳቦ ዳቦ ሸተተ። መጀመሪያ ክበቡ መስሎን ነበር። ሽታው ግን ከማተሚያው ውስጥ ነው የሚመጣው፤ ትኩስ፣ ልክ ከምድጃ የወጣ ዳቦ። የሒሳብ ክፍል ሰዎች የሻይ ብርጭቆአቸውን እንደያዙ ብቅ ብቅ አሉ። ሾፌሩና እህቱም የዚያን ቀን መንጋጋውን ለማየት መጥተው ከኔ ጎን ቆመው ነበር። ሥራው ሲያልቅ ከዱቄቱ ውስጥ አወጣሁት። መልኩ መንጋጋ ነው፤ ውስጡ ግን እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ ነበር። በሁለት ጣቴ ጫን ባደርገው እጄ ላይ ተሰበረ።

ሾፌሩ ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ተነፈሰና አንድ ነገር አጉተመተመ። ወደ እህቱ ዞርኩ። እሷም ዓይኔን ሳታይ፣ «ሽታው ደስ ይላል ነው የሚለው» አለችኝ።

ሰባራውን ይዤ ቢሮዎ መጣሁ። ምርምር ማለት መውደቅና መነሳት እንደሆነ ነገሩኝ። የወደቀው ማን እንደሆነ አልጠየቁኝምና እኔም አልነገርኩዎትም፤ አሁን በዚህ ደብዳቤ ነግሬዎታለሁ።

በነጋታው ማንንም ሳላስፈቅድ ማሽኗን ፈታኋት። ጋሽ ወንፊት ጣውንታቸው ሆድ ዕቃዋ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ሲያዩ ሟርት ያዩ ያህል አማተቡ፤ ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ያልነካናት ቦታ የላትም። ሾፌሩ ግን እስክንገጥማት ሊጠብቅ አይገባም ነበርና፣ ማኅተሙ ያልተነካ አዲስ ዱቄት ከግምጃ ቤት አወጣን። አዲስም ቢሆን ይነፋል። ጋሽ ወንፊት ሐኪም በሳላቸው ምክንያት የከለከላቸውን የመንፊያ ክፍል ራሳቸው ከፍተው ገቡና በእጃቸው ነፉት። እንዳይገቡ ስለምናቸው፣ ባዶ መንፋት ሰልችቶኛል ብለው በሩን በውስጥ ቆለፉት። ሳላቸው እንደገና ከኮሪደሩ ጫፍ ተሰማ። ሁለተኛው መንጋጋ ሽታ አልነበረውም፤ በመዶሻ ብመታውም አልተሰበረም።

አምስተኛው ምስጋናዬ ስለ ዓመታዊው የሠራተኞች ቀን ነው። እርስዎ የሥራ አፈጻጸም ሲያስመዝኑ ጋሽ ወንፊትን ያወዳደሩት በተመሳሳይ ሥራ ላይ ካለ ባልደረባቸው ጋር ነበር። ባልደረባቸው ማሽኗ ናት። ባዶ ወንፊት ሲያወዛውዙ የከረሙበት ጊዜ ሁሉ ዜሮ ኪሎ ተብሎ ተመዘገበ፤ ለመንጋጋው የነፉትም ከእሷ ጋር ሲተያይ ኢምንት ሆነ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ማሽኗ የዓመቱ ምስጉን ሠራተኛ ተብላ የምስክር ወረቀት ሲወሰንላት፣ ለጋሽ ወንፊት ደግሞ የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተወሰነ። ማሽኗ መድረክ መውጣት ስለማትችል ሽልማቷን የሚቀበልላት የቅርብ ባልደረባዋ ሆነ። ጋሽ ወንፊት በቀኝ እጃቸው የእሷን ምስክር ወረቀት ከእርስዎ፣ በግራ እጃቸው የራሳቸውን ማስጠንቀቂያ ከአስተዳደር ኃላፊው ተቀበሉ። ፎቶም ተነሡ።

ከዚያ እርስዎ በቸርነትዎ ተሸላሚውን ወክለው አንድ ሁለት ቃል እንዲናገሩ ማይክሮፎኑን ሰጧቸው። ጉረኛው ሰው ብዙ ያወራሉ ብለን ጆሯችንን ቀስረን ነበር።

«ጣውንቴ ጎበዝ ናት» አሉ። «ብትመሰገን አይገባትም፤ ብትሰደብም አይገባትም። እኔ ግን ሁለቱም ገብተውኛል።»

ማይክሮፎኑን መለሱልዎ። ምስክር ወረቀቱን ወስደው ማሽኗ ጎን ላይ በፕላስተር ለጠፉት፣ ሽርጣቸውን አውልቀው ምስማሩ ላይ ሰቀሉ፣ ወጡ። በማግስቱ አልመጡም። የሥራ መልቀቂያቸውን ባለቤታቸው ናቸው ይዘው የመጡት፤ ወደ እኔም ብቅ ብለው ጉንጬን ስመውኝ ሄዱ።

የቀረውን ባጭሩ ልንገርዎ። መንጋጋው ገጥሟል። ሾፌሩ እንደ ልቡ ይናገራል፤ እህቱ እንደምትለው ድሮም አፉ ክፉ ነበርና በየመንገዱ ከሾፌር ጋር ይሰዳደባል፣ እሷም ለማስተርጎም እንዳልተጠራች ሆና በመስኮት ታያለች። ጋሽ ወንፊትን እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። ሳሉ ቀለል ብሏቸዋል። ለጎረቤት ሁሉ አንድ ሰው መንጋጋ እንዳበቀሉ ይናገራሉ፤ የእኔን ድርሻ ከፈለጉ ያነሳሉ፣ ካልፈለጉ አያነሱም።

ክፍት የቀረውን መደብ እርስዎ ከመሄድዎ በፊት በማስታወቂያ አስሞልተውልናል። ከተፈተኑት አንደኛ የወጣው የፍልስፍና ምሩቅ ሲሆን፣ ከጠዋት ጀምሮ ከማሽኗ ጎን ቆሞ ባዶውን ወንፊት ያወዛውዛል። ስለ ባዶነት ብዙ እንደተማረና በተግባር ሲያየው ግን ከመጽሐፉ እንደሚከብድ አጫውቶኛል። በቅርቡ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይዞልኝ መጣ፤ ክንዱ ስለዛለ ባዶውን ወንፊት የሚያወዛውዝለት ትንሽ ሞተር ልሠራለት እችል እንደሆነ። እችላለሁ። ነገር ግን ያ ሞተር የተገጠመ ዕለት ከጎኑ ቆሞ በእጁ የሚያወዛውዝ ሌላ ሰው መቅጠር የግድ ይሆናልና፣ መዋቅሩን ከወዲሁ እንዲያስጠኑልን በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።

አንድ ልመና ብቻ ያለ ምጸት ልጻፍ። ማስጠንቀቂያው ከጋሽ ወንፊት ማኅደር ይነሳ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የነፉት ሰው ስማቸው እዚያ ላይ ሰነፍ ተብሎ እንዳይቀመጥ። ፊርማው የእርስዎ ስለሆነ ከእርስዎ በቀር የሚያነሳው የለም። ይህን ካደረጉ ከላይ የጻፍኩትን ምስጋና ሁሉ እንደተውኩት ይቁጠሩት።

በአንድም ወንፊት ካላለፈ አክብሮት ጋር፣

በወርክሾፑ የማተሚያ ክፍል መሐንዲስ፣
እርስዎ «ነገር አታወሳስቢ» የሚሏት

ግልባጭ፦
ለዓመቱ ምስጉን ሠራተኛ፣ ከጎኗ ባለው ፕላስተር ላይ
ለጋሽ ወንፊት፣ ባለቤታቸው ጮክ ብለው እንዲያነቡላቸው

ማስታወሻ፦ ስንዴ የገባበትን ታይታኒየም ምን እንዳደረግነው አልጠየቁንም። ንብረት ነውና መጣል አልቻልንም፤ ለሌላ ሰው መንጋጋ እንዳናውለው ደግሞ ኅሊናችን አልፈቀደም። በሽኝትዎ ዕለት በጭብጨባ ያስረከብንዎ፣ አሁን ጠረጴዛዎ ላይ የሚያብረቀርቀው ዋንጫ የታተመው ከእሱ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፤ በእጅዎ ጫን አያድርጉት፤ ቢሮውም አይጥ ካለው መሳቢያ ውስጥ ቢቆልፉበት ይሻላል።